ሚትቦል በስሎው ኩከር፦ ለምን ፈረሰ? መብራት ሲሄድስ?

የአንባቢዋ ጥያቄ፦ «የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። እህቴ ከአሜሪካ ስሎው ኩከር (በኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ የሚያበስል ድስት) ላከችልኝ። በትራንስፎርመር ነው የምጠቀምበት። በአንድ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ሚትቦል ልሠራበት ሞከርኩ። ጥሬውን አድቦልቡዬ ከተትኩት። ቲማቲምና ሽንኩርት ከትፌ፣ በርበሬና ውሃ ጨምሬ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በዝቅተኛው ሙቀት ሰክቼ ሥራ ሄድኩ። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ስመለስ ግማሹ ፈርሷል፣ የቀረው ግራጫ ሆኗል፣ ስጎውም ውሃ ነው። ጎረቤቴ እንደነገረችኝ ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል መብራት አልነበረም። ሽታው ደህና ስለነበር በላነው፤ ምንም አልሆንንም። ምን ባደርግ ይስተካከላል? ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ የዋለ ሥጋስ ያስፈራል እንዴ? ክትፎ ጥሬውን እንበላ የለ?»

የፈረሰው ሥጋ ይቆየንና ከመብራቱ እንጀምር። ያን ቀን ድስቱ ውስጥ የነበረው ምግብ መደፋት ነበረበት። ምንም ስላልሆናችሁ ደስ ይላል። ምግቡ ደህና ነበር ማለት ግን አይደለም።

«ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ የዋለ» ያሉት ላይ ነው ስህተቱ ያለው። ስሎው ኩከር እሳት አይደለም። አብዛኞቹ የሚጠቀሙት ከ150 እስከ 300 ዋት ነው። የእንጀራ ምጣድዎ ከ3,000 ዋት በላይ ይወስዳል። ልዩነቱን ከዚህ ይገምቱት። ከፍሪጅ የወጣ ሥጋ፣ ቀዝቃዛ ውሃና ጥሬ ቲማቲም አንድ ላይ ገብተው በዝቅተኛው ሙቀት ሲጀመር፣ ድስቱ ለመሞቅ ራሱ ሰዓታት ይፈጃል። እርስዎ ጋ ደግሞ መብራቱ የሄደው ገና በአንድ ሰዓት ተኩሉ ነው። ሥጋው ያኔ ለብ ከማለት አላለፈም። ከዚያ ሦስት ሰዓት ሙሉ ለብ እንዳለ ተቀመጠ።

ጀርም የሚወደው ይህንኑ ነው። ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ሙቀት ለምግብ አደገኛው ክልል ነው። በተመቻቸው ቦታ አንዳንድ ባክቴሪያ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። ሦስት ሰዓት ማለት ዘጠኝ ጊዜ እጥፍ መሆን ነው። አንዱ ከ500 በላይ ይሆናል ማለት ነው።

«መብራቱ ከተመለሰ በኋላ እኮ አምስት ሰዓት በስሏል፤ አልገደለውም?» ይሉ ይሆናል። ባክቴሪያውን አብዛኛውን ይገድለዋል። ችግሩ አንዳንዱ ከመሞቱ በፊት መርዝ ትቶ መሄዱ ነው። ስታፊሎኮከስ የሚባለው በሰው እጅና አፍንጫ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ አለ። ሥጋውን ስናድቦለቡል በቀላሉ ይገባል። እሱ የሚያመነጨው መርዝ በመፍላት አይጠፋም። ሽታም ጣዕምም የለውም። ስለዚህ ማሽተት አያድንም። ሽታ ምግብ መበላሸቱን ይነግር ይሆናል፤ መርዝ እንደሌለው ግን አይነግርም።

ክትፎውን ከዚህ ጋር ማወዳደር አይሄድም። ጥሬ ክትፎ ራሱ ከአደጋ ነፃ አይደለም። የኮሶ ትል ከጥሬ የበሬ ሥጋ እንደሚመጣ እዚህ አገር የማያውቅ የለም። ግን ክትፎ ተከትፎ ወዲያው ይበላል። እርስዎ ያደረጉት ጥሬ የተፈጨ ሥጋ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለሰዓታት ማቆየት ነው። ሌላም ነገር አለ። ባልተፈጨ ሥጋ ላይ ያለ ጀርም በአብዛኛው ላዩ ላይ ነው። ሲፈጭ ላዩ ወደ ውስጥ ይገባል። መፍጫው በደንብ ካልታጠበ ከቀድሞው ደንበኛ ሥጋ የቀረውም ይከተላል። ለዚህ ነው የሚትቦል መሀሉ 71 ዲግሪ መድረስ ያለበት። ቀለሙን አይመኑ። የተፈጨ ሥጋ እዚያ ሳይደርስም ቡናማ ሊሆን ይችላል። ከውጭ ዕቃ የሚልክልዎ ሰው ካለ፣ ከሌላ ነገር ሁሉ በፊት ሹል የምግብ ቴርሞሜትር ያስልኩ። ትንሽ ዕቃ ናት። ከስሎው ኩከሩ ይልቅ እሷ ብትቀድም ኖሮ እመርጥ ነበር።

መብራት ሲሄድ ምን ይደረግ? ቤት ውስጥ ካሉና ምግቡ ገና ካልበሰለ፣ ይመለሳል ብለው አይጠብቁ። ወዲያው ወደ ብረት ድስት ገልብጠው በቡታጋዝ ወይም በከሰል ይጨርሱት። ምግቡ ሙሉ በሙሉ ከበሰለ በኋላ ከሄደ፣ ክዳኑን ሳይከፍቱ እስከ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ቤት ካልነበሩና መብራቱ መቼ ሄዶ መቼ እንደመጣ ካላወቁ ይድፉት፤ የበሰለ ቢመስልም። አንድ ኪሎ ሥጋ መድፋት እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ። ዛሬ የሥጋ ዋጋ ቀልድ አይደለም። ግን ልጅ ያለበት ቤት፣ እርጉዝ ወይም አረጋዊ ያለበት ቤት በዚህ አይወራረድም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ። የስሎው ኩከሩን ውስጠኛ የሸክላ ጎድጓዳ ከሰል ላይ አይጣዱት። የኛ የሸክላ ድስት እሳት ይችላል፤ ይህኛው ግን አይችልም። ይሰነጠቃል፣ ትኩስ ስጎም እግር ላይ ይፈስሳል። በሞቀበት ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ያው ነው። ከሰሉንም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አያያዙት። ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል።

የእርስዎ ድስት መብራት ሲመጣ ራሱ ቀጥሏል፤ እንግዲያው ማብሪያው የሚዞር ዓይነት ነው። ቁጥር የሚያሳየው ዲጂታሉ ብዙውን ጊዜ አንዴ ከጠፋ ጠፍቶ ይቀራል። ያኛው ያናድዳል፣ ግን ቢያንስ አይዋሽም። ምግቡን ጥሬውን ያገኙታልና ነገሩ ይገባዎታል። የሚዞረው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይጠብቅዎታል። ጎረቤትዎ ባይነግሩዎት ኖሮ ጨርሶ አያውቁም ነበር። ትራንስፎርመር መጠቀምዎ ትክክል ነው። የአሜሪካው ዕቃ 120 ቮልት ነው፤ የኛ መብራት 220። በቀጥታ ቢሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስብና ይቃጠላል። ትራንስፎርመሩ የሚችለው ዋት ድስቱ ሥር ከተጻፈው ዋት በደንብ የበለጠ ይሁን። ድስቱ 250 ከሆነ ባለ 500 ይያዙ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በእጅ ነክተው ይዩት። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ አቅሙ አንሷል።

አሁን ወደ ሥጋው።

ግራጫ የሆነው ስላልተጠበሰ ነው። ሥጋ ቡናማ ሆኖ ያንን የጥብስ ሽታ የሚሰጠው ላዩ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ስጎ ያለበት ድስት እዚያ አይደርስም። ጎንደር ላይ ደግሞ ከሌላው ቦታ ይባስ ዝቅ ይላል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። አሥር ሰዓት ቢጠብቁም ከዚያ አያልፍም። ሥጋውን ለማብሰል ይህ ይበቃል፤ 71ን በሰፊው ያልፋልና። ግን ከውጭ የተጻፈ የምግብ አሠራር ሲከተሉ በተባለው በእያንዳንዱ ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጨምሩ። እዚያ የሚጽፉት ብዙ ጊዜ ለቆላ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገርም አለ። በብዙዎቹ ድስቶች ዝቅተኛውና ከፍተኛው ሙቀት መጨረሻ ላይ የሚደርሱበት ዲግሪ ያው ነው። ልዩነቱ እዚያ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ዝቅተኛው ሥጋን የበለጠ ያለሰልሳል የሚባለው ለትልልቅ ጠንካራ ሥጋ ነው፤ ጅማቱ ለመቅለጥ ጊዜ ይፈልጋልና። የተፈጨ ሥጋ ላይ ጅማቱን መፍጫው ቆራርጦልዎታል። የሚጠበቅ ነገር የለም። ስለዚህ ለሚትቦል ዝቅተኛው ሙቀት ምንም አይጨምርም። በአደገኛው ክልል ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ብቻ ያረዝማል።

የፈረሰውም በዋናነት ከዚሁ ነው። ጥሬ ሆኖ ቀዝቃዛ ስጎ ውስጥ ሲገባ ላዩ ቶሎ አይጨብጥም። ውሃው ቀስ ብሎ ይገባበታል፣ ይላላል። ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ድስት ውስጥ ሲቆይ የሚያያይዘው ነገር ያልቃል። ምን እንዳስገቡበት አልጻፉልኝም። ሥጋና ቅመም ብቻ ከሆነ ደግሞ የበለጠ አይገርመኝም።

የሥጋው ዓይነት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ግማሹ ሥራ የሚያልቀው ሥጋ ቤት ነው። ቀይ ሥጋ ብቻ ካስፈጩ ሚትቦሉ ደረቅና እንደ አሸዋ የሚበተን ይሆናል። ወርች ወይም ፍሪምባ ይጠይቁ። ለአንድ ኪሎ ከ150 እስከ 200 ግራም ጮማ አብሮ ይፈጭ። የኛ በሬ ብዙ ጊዜ ያረሰ ነው፣ ጅማቱ ይጠነክራል፤ ሁለት ጊዜ ያስፈጩት። ከአራዳም ገዙ ከቅዳሜ ገበያ፣ ሥጋው መጨረሻ የሚገዛ ይሁን። አትክልቱንና ቅመሙን ሸምተው ሲያበቁ ይግዙትና ቀጥታ ወደ ፍሪጅ ይግባ። ተፈጭቶ ከሰዓት በኋላ ሙሉ በፌስታል ሲዞር የዋለ ሥጋን ምንም ዓይነት ድስት አያስተካክለውም።

ለአንድ ኪሎ ሥጋ 100 ግራም ያህል ደረቅ የዳቦ ፍርፋሪ በአንድ የሻይ ብርጭቆ ወተት ይንከሩ። አሥር ደቂቃ ይቆይና ሊጥ ይሆናል። ይህ ዳቦ ሥጋውን ለማብዛት አይደለም። ሥጋው ሲበስል የሚለቀውን ጭማቂ ይዞ ያስቀራል፣ እርስ በርስ ጠብቆ እንዳይደርቅም ያደርጋል። አንድ እንቁላል ይጨምሩ። ጨው ሁለት የሻይ ማንኪያ። ጨውን መጀመሪያ ከሥጋው ጋር ብቻ አንድ ሁለት ደቂቃ ማሸት ጥሩ ነው። ጨው ከሥጋው ውስጥ ፕሮቲን ያወጣል፤ እጅዎ ላይ መጣበቅ ሲጀምር ያስተውሉታል። ማያያዣው እሱ ነው። ከዚያ ዳቦውን፣ እንቁላሉን፣ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ኮረሪማ ጨምረው ዝም ብሎ ማዋሃድ ነው። እንደ ሊጥ አያቡኩት፤ ይጠነክራል። ቀይ ሽንኩርት ከገባ በጣም የደቀቀና ውሃው የተጨመቀ ይሁን። ትልልቅ የሽንኩርት ቁራጭ ያለበት ቦታ ሁሉ የሚሰነጠቅበት ቦታ ነው።

መጠኑ የአገር ሎሚ የሚያክል ይሁን። ከአንድ ኪሎ ሠላሳ ምናምን ይወጣል። ሁሉም እኩል ይሁኑ፣ አለዚያ ትንሹ ሲበስል ትልቁ መሀሉ ይቀራል። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ያሳርፏቸው።

ስጎው ውሃ የሆነው ደግሞ ስሎው ኩከር እንፋሎት ስለማያስወጣ ነው። የወጣው እንፋሎት ክዳኑ ላይ ተጠራቅሞ ተመልሶ ይወርዳል። ቲማቲምና ሽንኩርት ራሳቸው ውሃ ናቸው። እርስዎ ሌላ ውሃ ጨመሩበት። ከሁሉ በላይ ግን ያለ ቁሌት ጀመሩ። የኛ ወጥ የሚቆመው በቁሌት ነው። ስሎው ኩከር ውስጥ ሽንኩርት ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። በርበሬውም ሙሉ ቀን ቢውል ጥሬ ጥሬ ይላል። እንዲህ ያለውን ስጎ በኋላ ቅቤ ጨምሮ ማዳን አይቻልም። ብዙዎች ይሞክራሉ፤ ቅባት ያለው ውሃ ነው የሚሆነው።

ስለዚህ ቁሌቱ ምድጃ ላይ ይሠራ። ግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ደቆ፣ መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ከዚያ በዘይት እስኪቀላ ይቁላላ። በርበሬ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ፣ ጠብ ጠብ እየተደረገበት በደንብ ይብሰል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ አራት አምስት የተፈጨ ቲማቲም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ። ከምትፈልጉት ትንሽ ወፈር ብሎ ይውጣ፣ ሥጋው ራሱ ጭማቂ ይለቅበታል። ከፓስታ ጋር የሚበላ ከሆነ በርበሬውን ይተዉና ቲማቲሙን እጥፍ ያድርጉት፣ በሶብላም ይጨምሩበት።

ቁሌቱ እየተንተከተከ ሳለ ሥጋውን በጋለ መጥበሻ ዙሪያውን ያቅሉት። በአንድ ጊዜ ብዙ አይደርድሩ። መጥበሻው ከቀዘቀዘ ሥጋው ውሃ ይለቅና መቀቀል ይጀምራል። ስድስት ሰባት ደቂቃ በቂ ነው፤ መሀሉ ጥሬ ነው፣ ይሁን። ግን አንዴ ከቀላ በኋላ ማቆም የለም። ማታ አቅልቼ ጠዋት እጨርሰዋለሁ የሚባል ነገር አይሠራም። በግማሽ የበሰለ ሥጋ ከጥሬው የከፋ ነው፤ ሞቆ ስላልጨረሰ ጀርሙ አልሞተም፣ ለመራባት ግን ሞቋል። የሰዓት መቁጠሪያ ሶኬት አድርጎ ጥሬ ሥጋ ጠብቆ እንዲጀምር ማድረግም እንደዚሁ ነው። በረዶ የሆነ ሥጋ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ሙሉ ለሙሉ ሳይቀልጥ አይጀምሩ።

የሚፈላውን ቁሌት ድስቱ ውስጥ ይገልብጡ። ጎድጓዳው ቀድሞ በከፍተኛው ሙቀት አንድ ሩብ ሰዓት ይሙቅ፣ ካልሆነ በሙቅ ውሃ ይለቅለቅ። ሚትቦሎቹን በአንድ ወይም በሁለት ረድፍ ያስቀምጡ። ስጎው ሊሸፍናቸው ትንሽ ሲቀረው ይበቃል። ጎድጓዳው ከግማሽ በታች ካነሰ ይደርቃል፣ ከሦስት አራተኛ ካለፈ ቶሎ አይሞቅም። ከዚያ ከፍተኛው ላይ አድርገው ይክደኑት። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት አይንኩት። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር የሄደውን ሙቀት ለመመለስ ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ይፈጃል። እናቶቻችን ወጥ ሲሠሩ እየከፈቱ ማማሰል ልማዳቸው ነው። እዚህ ያንን ይርሱት።

በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሳል። ቢበዛ ሦስት። ቴርሞሜትሩን ትልቁ ሚትቦል መሀል ይክተቱ። ቴርሞሜትር ከሌለዎት ስጎው ዳር ዳሩን በግልጽ ከተንተከተከ በኋላ ሌላ ሙሉ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ ትልቁን ቆርጠው ይዩት። ጨውን የሚያስተካክሉት፣ ንጥር ቅቤ የሚጨምሩትም ያኔ ነው።

እንግዲህ ሥራ ውለው ሲመለሱ ደርሶ እንዲጠብቅዎ ነበር ያሰቡት። ቁርጡን ልንገርዎት፤ መብራት በሚሄድበት ከተማ፣ ሰው በሌለበት ቤት፣ ጥሬ የተፈጨ ሥጋ ሰክተው አይውጡ። ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ ቤት ሲሆኑ ይሥሩት። በሥራ ቀን ሚትቦል ካማረዎት ተራውን ድስት ይያዙ። ሥጋውን አቅልተው ቁሌቱ ውስጥ ከጨመሩ በኋላ በመካከለኛ እሳት 35 ወይም 40 ደቂቃ ይበቃዋል። ስሎው ኩከር ለሚትቦል የሚሰጠው ጥቅም ሌላ ነው። እጅ ነፃ ያደርጋል። እንግዳ ያለ ቀን እንጀራው፣ ሰላጣው፣ ቡናው ሲሯሯጥ እሱን የሚጠብቅ ሰው አያስፈልግም። ከበሰለ በኋላም ማሞቂያው ላይ ከ60 ዲግሪ በላይ ይዞ ስለሚያቆየው፣ ዘግይቶ የመጣ ሰው ትኩሱን ይበላል።

የተረፈውን ጎድጓዳው ውስጥ እንዳለ አያሳድሩት። ወፍራም ሸክላ ስለሆነ ሙቀት ይይዛል፤ ፍሪጅ ውስጥ ቢገባም ለረጅም ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል። ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ በስሱ ገልብጠው፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ያስገቡት። ሦስት ቀን ይቆያል፤ ማክሰኞ ተሠርቶ ረቡዕ ጾም ቢሆን ሐሙስን ይደርሳል። በመሀል መብራት ብዙ ሰዓት ከጠፋ ግን ፍሪጁም ሞቋልና አይመኑት። ሲያሞቁት በስሎው ኩከር አይሁን። በተራ ድስት፣ እየተንተከተከ፣ መሀሉ እስኪፋጅ።